ማዶው ደህና ነው

ባለፈው ሰሞን እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ትልቅ ማሽን መጥቶ የአስፋልቱን ዳር ይቆፍር ነበር። የውኃ ቱቦ ሊቀብሩ ነው አሉ። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ማሽኑ ጥርሱን ሰክቶ ባነሳ ቁጥር ከሥር ጥቁርና እርጥብ አፈር ይገለበጣል። ሽንኩርት እየከተፍሁ ሳለ ሽታው በመስኮት ገባ። የዝናብ ሽታ አልነበረም፤ የዝናብን ሽታ ማን ይጠላል። ይህ ከጥልቅ የወጣ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ፣ የተቆረጠ ሥርና የቆየ ውኃ የሚሸት አፈር ነው። ቢላዋውን አስቀምጬ መስኮቱን ዘጋሁት።

"እማዬ፣ ሞቀኝ እኮ!" አለች ልጄ።

ቁጭ ብዬ ማሽኑ እስኪሄድ ጠበቅሁ።

ያን ሽታ መጀመሪያ ያሸተትሁት አምባሰል ነው። ቤታችን ተራራው ወገብ ላይ ነበር፤ ሰማዩ ሲጠራ የሐይቅ ውኃ ወደ ታች ወለል ብሎ ይታያል። በቤታችን ግራ በኩል ቦረቦር አለ፤ በበጋ ደረቅ ነው፣ በክረምት ግን ደፍርሶ የሚወርደው ውኃ ሲያጓራ ያድራል። ከቦረቦሩ ማዶ የጎረቤቶቻችን ቤት ነበር። ባልየውን አያ፣ ሚስቱን እታለም እንላቸው ነበር። እነሱ እስላም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። አንዲት ልጃቸው ኮምቦልቻ ተድራ ሁለቱ ብቻቸውን ቀርተዋል። እናቴና እታለም ወደዚያ ተራራ ሙሽራ ሆነው የመጡት በአንድ ዓመት ነው። ገበያ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ሲኮራረፉ እንኳን ጎን ለጎን እየሄዱ ነበር የሚኮራረፉት።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴን ግማሽ ጎኗን ያዛት። ከገበያ ተመልሳ ያዘለችውን ስታወርድ መጀመሪያ እጇ እምቢ አለ፣ ከዚያ እግሯ። ደሴ ድረስ ወስደናት ነበር። አፏ ትንሽ ጠመም ከማለቱ በቀር ንግግሯ ተመለሰ፤ እግሯ ግን አልተመለሰም። አልጋዋ ከጓዳው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነበር። ከዓመት በላይ ያን ግድግዳ ስታይ ኖረች። "ከጭቃው ውስጥ ያለውን ጭድ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ" ትለን ነበር፣ እየሳቀች። እኛ አንስቅም።

ስምንተኛ ክፍል በጨረስሁበት ዓመት፣ ክረምቱ ገና ሲገባ፣ ታላቅ ወንድሜ ከቤታችን በላይ ካለው የግጦሽ መሬት ስንጥቅ አይቶ መጣ። ሄደን አየነው። ሣሩን ለሁለት ከፍሎ ይሄዳል፤ በግ እግሩን ቢሰድበት ይሰበራል። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጁን ከተተበት፤ እስከ ክርኑ ገባ። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ችካል ጠርቦ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ መታና በመሐሉ ገመድ ወጠረ። ገመዱ ከጠበቀ መሬቱ እየተከፈተ ነው ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ወጥቶ ገመዱን በጣቱ ይነካዋል፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳስስ ይመስል ነበር።

የቀበሌ ሰዎች የግብርና ባለሙያ ይዘው መጡ። ሰውን ደጃችን ላይ ሰበሰቡና መከሩት። ልብሳችሁን በማዳበሪያ ጠቅልሉ፤ እሳት የማይፈልግ ስንቅ ያዙ፤ ከብቶቻችሁን በቶሎ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ አሉ። በመጨረሻ ባለሙያው፣ ገና ወጣት ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦

"ከሁሉም በፊት መሄድ የማይችለውን ማን እንደሚሸከመው ዛሬውኑ ተነጋገሩ።"

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ቤታችን በር ዞረ። እናቴ ከውስጥ ትሰማለች። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። አፍ የከፈተው አያ ነበር።

"አንዱ ትከሻ የኔ ነው" አለ። "ሦስቱን እናንተ ሙሉ።"

አባቴ፣ ወንድሜና እኔ ሦስት ነን። ሞላ።

የት እንደምንወስዳት መነጋገር ግን ነበረብን። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ቁልቁለቱም በዝናብ ሰው በእጁ ድንጋይ እየያዘ የሚወርድበት ነው። መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አላስታውስም፤ ሁላችንም ግን ቀና ብለን ቦረቦሩን ተሻግረን ተመለከትን። "ማዶው ደህና ነው" ተባለ። ባለሙያው ሄዶ ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ስንጥቅ የሚባል የለም። ሣሩ ሙሉ ነው። የአያ አያት የሠሩት ቤት እዚያው ቆሟል፣ ከኋላውም ትልልቅ የወይራ ዛፎች አሉ። "ማዶው ደህና ነው" አለ አባቴም፣ ለራሱ እንደሚናገር። ክፉ ቀን ሲመጣ እናቴን አያ ቤት እናደርሳለን፣ ሰማዩ ሲከፈት ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ እናወርዳታለን። እቅዳችን ይህ ነበር።

ሰው ሲታመም የሚሸከመው፣ ሲሞትም የሚቀብረው የሰፈሩ ቅሬ ቃሬዛ አለው። አባቴ ያን ሊዋስ ሲነሳ እናቴ ጮኸች።

"በሬሳ ማውጫ በሕይወቴ አልወጣም! እዚሁ ይናድብኝ!"

አያ ይህን ሲሰማ ሳቀ። በማግስቱ ሁለት ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ልጦ፣ በመሐሉ ጠፍር ጠፈረበትና አዲስ ቃሬዛ አድርጎ አመጣው። እታለም ደግሞ ከጆንያ ትራስ ሰፋች። "ይኸው ጋሪሽ" አለቻት እናቴን። "ሙሽራ ሆነሽ በበቅሎ ስትመጪ እንዲህ አልደላሽም።"

አባቴ ልምምድ ያስፈልጋል አለ። ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ጠዋት እናቴን ከአልጋ አንስተን ቃሬዛው ላይ አደረግናት። አባቴና አያ ከራስጌ ያዙ፤ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው። ወንድሜና እኔ ከግርጌ ሆነን መራን። በሩን እንደወጣን ፀሐዩ ፊቷን ሲመታው በደህናው እጇ ዓይኗን ጋረደች። ጥቂት እንደሄድን "ቁሙ! ቁሙ!" አለች። አመማት ብለን ደነገጥን። ዞር ስል ወደ ታች እያየች ነው። ሐይቁ ከታች ያበራል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ውኃው ውስጥ ገብተው ጥቁር ሆነው ይታያሉ።

"እዚያው ነው ለካ" አለች።

ከዚያ በግራ እጇ አማተበች፤ ቀኙ አይታዘዝላትማ። አባቴ "እንሂድ እንጂ" ሲል አያ ከኋላ ሆኖ "ተዋት ትይ፣ ምን አስቸኮለን" አለው። ቆምን። ትከሻዬ እየተቃጠለ እኔም አየሁ። ያን ውኃ በየቀኑ አየው ነበር፤ በዚያን ቀን ያየሁት ግን በእሷ ዓይን ነው።

እታለም በሩ ላይ ሆና ጠበቀችን። ወለሉን በእበት ለቅልቃ፣ አልጋውን ከበሩ አጠገብ ዘርግታዋለች፤ ተኝቶ ደጁን ለማየት እንዲመች። ምድጃው ላይ አዲስ ድስት ተጥዷል። "ሥጋ አልነካውም" አለች ለእናቴ። "ፍልሰታ ሲገባ ሽሮሽን የምሠራበት ነው። ማንም እጁን አያስገባበትም።" እህላችንን፣ የክት ልብሳችንን፣ የአባቴን የመሬት ደብተርና የኔን የትምህርት ማስረጃ ወደዚያ አዛወርን። ለእኛ ቤት የቀረው አልጋና ማድጋ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰማዩ ትንሽ በሳቀ ቁጥር እናቴ ከጓዳ ትጣራለች፦ "ዛሬ ልምምድ የለም?" አባቴ "ልምምድ ጨዋታ አይደለም" ይላል፤ ይላልና ቃሬዛውን ከግድግዳው ያወርዳል። ሁለቱ ሴቶች አንዴ ከተገናኙ አይላቀቁም። እታለም ጠጉሯን ትሠራታለች፣ የድሮ ሰው ያማሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን እናቴ በለሆሳስ አምባሰልን አንጎራጎረች፤ ከታመመች ወዲህ ሰምተናት አናውቅም። አያ ደጅ ሆኖ ማረሻ እየጠረበ ነበር፤ መጥረቢያውን አቁሞ አዳመጠ። ከላያችን መሬት ተሰንጥቆ ሳለ እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ቤታችን እንደዚያ ክረምት ደስ ብሎት አያውቅም።

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡም ያን ሰሞን ከያዘ አለቀቀም። ፀሐይ ጠፋች። እንጨቱ አይነድም፣ ልብሱ አይደርቅም፣ ግድግዳው ላብ አወጣ። ዶሮዎቹ ከማጀት አንወጣም አሉ። ሐይቁ ቀርቶ ማዶው እንኳን አንዳንዴ በጉም ይጠፋል። አባቴ ገመዱን ለማየት በቀን ብዙ ጊዜ መውጣት ጀመረ። አንድ ረፋድ ላይ ተመለሰ፤ ከፊቱ ላይ ውኃ እየወረደ በሩ ላይ ቆመ።

"ገመዱ ተበጥሷል" አለ።

ወንድሜ ወደ ቦረቦሩ ሮጦ "ኧረ አያ!" ብሎ ጮኸ። ምላሹ ወዲያው መጣ። አያ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃውን ተሻግሮ ሲደርስ እኛ እናቴን ጠቅልለናት ነበር። አባቴ የበሬዎቹን ቋጠሮ ሳብ አድርጎ ለቀቃቸው።

"እታለምስ?" አለች እናቴ።

"እሳት እያነደደችልሽ ነው። ቤቱ ሞቋል።" ጎንበስ ብሎ ቃሬዛውን ያዘ። "በሉ፣ ቢስሚላህ።"

ወጣን። ያን መንገድ በእግራችን እናውቀዋለን፤ በዚያን ቀን ግን መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። እግር ገብቶ አይወጣም። ዝናቡ የእናቴን መሸፈኛ ይደበድባል፣ ከሥሩ የእሷ ጸሎት ይሰማል። ቦረቦሩ ያጓራል። አባቴ ከኋላ "ቀኝ... ቀኝ... ቀስ" ይላል። እንጨቱ ትከሻዬ ላይ ያረፈበት ቦታ መጀመሪያ ነደደ፣ ከዚያ ደነዘዘ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለማንም አልተናገርሁም። ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ስንደርስ አያ ከኋላዬ ጮኸ።

"አውርዱ! የልጅቷ ትከሻ ዝሏል።"

"ደርሰናል እኮ!" አለ አባቴ። "እንሻገርና ታርፋለች።"

"መሐል ውኃው ላይ ብትለቀውስ? አውርዱ አልሁ!"

አወረድን። ወንድሜ የምንሻገርበትን ድንጋይ በበትር ሊሞክር ወረደ። አባቴ እናቴ ላይ ጎንበስ ብሎ መሸፈኛዋን ማስተካከል ያዘ። አያ ወደ እኔ መጣ፤ ከአንገቱ ፎጣውን ፈታ፣ ጨምቆ አጠፈና ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ። ጀርባው ወደ ቤቱ፣ ፊቱ ወደ እኔ ነበር። ጢሙ ውኃ ያንጠባጥባል።

"አብሽሪ" አለኝ። "አብሽሪ፣ የኔ ልጅ፣ ደርሰናል።"

በትከሻው በላይ እታለምን አየኋት። በሩ ተከፈተና ወጣች። ሰማያዊ ላስቲክ በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛለች፤ እናቴን ልታለብሳት ነው። ወደ እኛ ጥቂት እርምጃ መጣች።

ከሁሉ አስቀድሞ የሰማሁት የሚቀደድ ጨርቅ የሚመስል ድምፅ ነው። ሥር ሲበጠስ እንደዚያ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። ከቤቱ በስተኋላ ያለው ተዳፋት ከነሣሩ፣ ከነወይራዎቹ ተነሳ። ዛፎቹ አልወደቁም፤ እንደቆሙ መጡ። ቤቱ ወደ ጎን ዘመም አለ፣ ከዚያ የለም። ሰማያዊውንም አላየሁትም። መሬቱ ከእግራችን በታች ተንቀጠቀጠና ሽታው መጣ፤ ያ ሽታ፣ ከጥልቅ የወጣው። ቀጥሎ አንድ ነገር ዝም አለ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆየሁ። ቦረቦሩ ነው። ናዳው ውኃውን ደፍኖት ማጓራቱ ቆሟል።

አያ አላየም። ያየው እኔ ፊት ላይ ነው። ፊቴን አየ፣ ከዚያ ዞረ።

አባቴ ወገቡን አንቆ ያዘው። "ገና አልቆመም! ገና ይወርዳል!" ይላል። አያ ታገለው። አስለቅቆት ሮጠ። እናቴ ከመሸፈኛው ሥር "ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ? እታለም!" ትላለች።

የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ። ከላይም ከታችም ሰው መጣ፤ እስላም ክርስቲያኑ አካፋና ዶማ ይዞ። ግማሹ እናቴን ተቀብሎን በጋራው ጫፍ ዞሮ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰዳት፣ ግማሹ ቆፈረ። ለቀናት ቆፈሩ። በተነሳው አፈር ምትክ ሌላ ይወርዳል። ድንጋዩ የሰው ቤት ያህል ነው። አያ አካፋ እንኳን አልያዘም፤ በእጁ ነበር የሚዝቀው፣ ጥፍሮቹ እስኪነቀሉ። አንድ ቀን አዲሱን ድስት አገኙት፤ ጠርዙ ብቻ ተጣሟል። እሷን አላገኟትም። ሌላ ሰው እንዳይሞት ተፈርቶ ሽማግሎቹና ሸሁ ተመካከሩ፦ "አፈሩ መቃብሯ ይሁን" ተባለ። የጀናዛው ሶላት እዚያው ተሰገደ። የእኛ ቄስ ጥላ ይዘው ራቅ ብለው ቆመው ነበር፤ ሁሉም ነገር አልቆ ሰው እስኪበተን አልሄዱም።

የእኛ ቤት አልተነካም። ስንጥቁ እዚያው ነው። ያን ክረምትም፣ ከዚያ ወዲህም ከቤታችን በላይ አንዲት ጠጠር አልወረደችም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዴስኮች ገጣጥመን እናቴን አስተኛናት። ክፍሉ በሰው ሞልቷል፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል፣ ሕፃናት ይስላሉ። አያ ከሶላቱ በኋላ መጣ። እጆቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። እናቴ ስታየው ፊቷን ወደ ግድግዳ ልታዞር ሞከረች፤ አልቻለችም።

"ወንድሜ" አለችው። "በእኔ በድን ምክንያት..."

"ተይ።"

"እሷን ይዘህ ብትወጣ ኖሮ..."

"እህቴ፣ እሷ እግር ነበራት" አለ አያ። "እግር ላለው ሰው ማን ቃሬዛ ይዞ ይሄዳል? ማዶው ደህና ነው ያልሁት እኔም ነኝ።"

ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰው ቆሎ ሲያዞር እሱም ጨበጠ፤ ግን አልበላውም፣ በተጠቀለለው እጁ እንደያዘው መሸ።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ የቆርቆሮ ቤት ተሠራልን። እናቴን ደጅ ላውጣሽ ስላት "ምን ላይ?" ትለኛለች። ክረምቱ ከወጣ በኋላ መብላት ቀነሰች፣ ከዚያ ማውራት። አንድ ጠዋት ውኃ ይዤላት ስገባ እጇ ቀዝቅዟል። ፊቷ ላይ ምንም ጭንቀት አልነበረም፤ የደከማት ሴት ፊት ነው።

አያ የእናቴ አርባ እስኪወጣ ከእኛ ጋር ቆየ፤ ከዚያ ልጁ መጥታ ኮምቦልቻ ወሰደችው። ከመሄዱ በፊት ከአፈሩ በላይ በድንጋይ ካጠራት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥሁ። ጠየቀኝ።

"አንቺ ፊትሽ ወደ ቤቱ ነበር።"

"አዎ፣ አያ።"

"አይተሻታል?"

"አይቻታለሁ።"

"ውስጥ ነበረች?"

"አይ። ወጥታ ነበር። ላስቲክ ዘርግታ ይዛ፣ እማዬን ልታለብሳት።"

አፈሩን በጣቱ ነካካ። "ወደ እኛ ትመጣ ነበር?"

"ወደ እኛ ትመጣ ነበር።"

ከዚያ ወዲህ እኔ አግብቼ ሐይቅ ወረድሁ፤ እሱም አረጀ። ዝናብ ሲጀምር ይደውልልኛል። "ሐይቅ ዘነበ ወይ?" ይላል። ዘነበ እላለሁ። ስለ ልጄ ይጠይቃል፣ ዱዓ ያደርግልኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ያንኑ ይጠይቀኛል። እኔም በየዓመቱ ያንኑ እነግረዋለሁ፤ አልጨምርበትም፣ አልቀንስለትም።

ማሽኑ በሄደ በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። አያ ነው። ልጁ ቀድማ ነግራኛለች፤ አባቷ አሁን አሁን ሰው ያምታታል፣ የልጅ ልጆቹን ስም ይቀያይራል። "ሐይቅ ዘነበ ወይ?" አለኝ። ዘነበ አልሁት። ጥያቄውን ጠበቅሁ። አልጠየቀኝም።

"አንቺ አላየሻትም" አለኝ። "ትከሻሽን ይዘሽ ታለቅሺ ነበር። እኔ ነኝ ያየኋት።"

"ሰማያዊ ላስቲክ ይዛ ወጣች። ወደ እኛ እየመጣች ነበር። ደግሞ እየሳቀች። ሰምተሻል? ልንገርሽ?"

ልጄ ከጓዳ ትጠራኛለች። በምልክት ዝም አሰኘኋትና በሩን ገጠም አድርጌ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

"እሺ፣ አያ" አልሁት። "ንገረኝ።"